የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ዓይነት ይምታታባችኋል? ከግሱ ጀምሩ

ማታ ማታ ሀዋሳ ታቦር ተራራ ሥር ልጆች አስጠናለሁ። ከስምንተኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያሉ ናቸው። ልጆቹ በየዓመቱ ይለወጣሉ፤ ስህተቱ ግን ያው ነው። «ይህ ዓረፍተ ነገር ምን ዓይነት ነው?» የሚል ጥያቄ ሲመጣ ረጅም ከሆነ «ኮምፕሌክስ» ይላሉ። አጭር ከሆነ «ሲምፕል»። መሀሉ ላይ «ኤንድ» ካለማ ዓይናቸውን ሳያሹ «ኮምፓውንድ»። ሦስቱም ግምት ነው። ግምት ደግሞ አንዳንዴ ይመታል፤ ልጁም ስህተቱን ሳያውቀው ዓመቱ ያልፋል።

የየዓይነቱን ትርጉም እንደ ውዳሴ ማርያም የሚያወርዱ ልጆች አሉ። ዓረፍተ ነገር ወረቀት ላይ ሲሰጣቸው ግን ይፈዛሉ፤ ከየት እንደሚጀምሩ የነገራቸው የለም። ከታች ያለው ያ ቅደም ተከተል ነው። ደረጃ አትዝለሉ። በተለይ ሁለተኛውን።

ከመጀመራችሁ በፊት

ደብተር፣ ሰማያዊ እስክሪብቶና ቀይ እስክሪብቶ ያዙ። ቀይ ከሌለ እርሳስ ይበቃል። ከራሳችሁ የእንግሊዝኛ መማሪያ መጽሐፍ አንድ አንቀጽ ምረጡና አሥር ዓረፍተ ነገር ቁጥር እየሰጣችሁ ገልብጡ። በየመሀሉ ሁለት ሁለት መስመር ዝለሉ። ምልክት የምታደርጉት እዚያ ነው።

ስልካችሁን አርቁ። ተርጓሚ አፕ ትርጉሙን ይነግራችሁ ይሆናል፤ እዚህ ግን ትርጉም ራሱ ያሳስታል። ለምን እንደሆነ ደረጃ 1 ላይ ታያላችሁ።

የእንግሊዝኛ ምሳሌዎቹን በፊደላችን የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። ድምፃችሁን አውጥታችሁ አንብቧቸውና በእንግሊዝኛ ፊደል ደብተራችሁ ላይ ራሳችሁ ጻፏቸው። እዚህ «፣» ያለበት ቦታ እናንተ ኮማ አድርጉ፣ «።» ያለበት ነጥብ።

አንድ ነገር አስቀድማችሁ ለዩ። የዓረፍተ ነገር ዓይነት ሲባል ሁለት የተለያየ ጥያቄ አለ።

የመጀመሪያው «እንዴት ተሠራ?» ነው። መልሱ ሲምፕል፣ ኮምፓውንድ፣ ኮምፕሌክስ ወይም ኮምፓውንድ ኮምፕሌክስ ይሆናል።

ሁለተኛው «ለምን ተነገረ?» ነው። መልሱ ዴክላሬቲቭ (ነገር የሚነግር)፣ ኢንተሮጌቲቭ (ጥያቄ)፣ ኢምፔራቲቭ (ትእዛዝ) ወይም ኤክስክላማቶሪ (አድናቆት) ይሆናል።

እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ከሁለቱም ቤት አንድ አንድ ስም አለው። ፈተና ላይ ጥያቄውን ብቻ ሳይሆን ምርጫዎቹንም አንብቡ፤ የትኛው ቤት እንደተጠየቀ የሚነግሯችሁ እነሱ ናቸው። መጀመሪያ አሠራሩን እንጨርስ።

ደረጃ 1፦ ግሱን ያዙ

በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። «ልጁ ትናንት ከአሞራ ገደል ዓሣ ገዛ።» ዓይናችን ጭራውን ማየት ለምዷል። እንግሊዝኛው ላይ ግን ጭራው ብዙ ጊዜ ቦታ ወይም ጊዜ ነው። ስለዚህ ከግራ ጀምራችሁ እያንዳንዱን ቃል እለፉ። ሥራ ወይም ሁኔታ የሚናገረውን በቀይ አስምሩበት።

ግስ የሚመስል ሁሉ አይቆጠርም። ለመለየት የትናንት ፈተና ስጡት።

1. ዓረፍተ ነገሩን አንብቡ፦ «ሺ ላይክስ ቱ ስዊም።» መዋኘት ትወዳለች።
2. ጊዜውን ወደ ትናንት ውሰዱት፦ «ሺ ላይክድ ቱ ስዊም።»
3. የተለወጠውን ቃል ፈልጉ። «ላይክስ» ተለወጠ፤ «ስዊም» ባለበት ቀረ።
4. የተለወጠውን ብቻ ቁጠሩ። እዚህ አንድ ግስ ነው ያለው።

ዓረፍተ ነገሩ ድሮውንም ያለፈ ጊዜ ከሆነ ወደ አሁን አምጡት። «ዎኪንግ ባይ ዘ ሌክ፣ ሂ ሶው ኤ ስቶርክ።» በሐይቁ ዳር ሲሄድ አባ ኮዳ አየ። ወደ አሁን ሲመጣ «ሂ ሲዝ» ይሆናል። «ዎኪንግ» አይነቃነቅም። ስለዚህ አንድ ግስ ብቻ።

እዚህ ጋ ቆም በሉ። አማርኛው «ሲሄድ» እና «አየ» የሚሉ ሁለት ግሶች አሉት። ተርጉሞ የቆጠረ ሰው ሁለት ብሎ ይጽፋል፤ ይሳሳታል። የምትቆጥሩት እንግሊዝኛው ላይ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ረዳት ግስ ከዋናው ጋር አንድ ሆኖ ይቆጠራል። «ሃዝ ቢን ዌይቲንግ» ሦስት ቃል ነው፣ ግን አንድ ግስ። «ዊል ከም» አንድ ነው። «ኢዝ ኩኪንግ» አንድ ነው።

ፈተናው ካልሠራስ? የማይሠራበት ሁለት ቦታ አለ። «መስት» እና «ሹድ» ከነተከታያቸው ሁሌም አንድ ግስ ናቸው ብላችሁ ያዙ፤ ትናንት አትሞክሩባቸው። እንደ «ከት» እና «ፑት» ያሉት ደግሞ ትናንትም ዛሬም መልካቸው አንድ ነው። ለእነሱ ባለቤቱን ወደ «ሂ» ቀይሩትና ዛሬ አድርጉት። «ከትስ» ካለ እውነተኛ ግስ ነው።

ደረጃ 2፦ ባለቤቱን አገናኙ፣ ጥንዶቹን ቁጠሩ

ቀይ ያሰመራችሁበትን እያንዳንዱን ግስ «ማን?» ወይም «ምን?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን በሰማያዊ ክበቡትና በመስመር ከግሱ ጋር አያይዙት። አንድ ባለቤት ከነግሱ አንድ ጥንድ ነው። መምህራን «ክሎዝ» የሚሉት ይህን ጥንድ ነው።

አማርኛ ባለቤቱን ግሱ ሆድ ውስጥ ይከተዋል። «መጣች» ካልን አለቀ፤ ሴት መሆኗን፣ አንዲት መሆኗን «ች» ነገረችን። እንግሊዝኛ ግን ባለቤቱን ውጭ ያቆመዋል። «ኬም» ብቻውን ማን እንደመጣ አይናገርም። ልጆቻችን «እየዘነበ ነው» ለማለት «ኢዝ ሬይኒንግ» ብለው የሚጽፉት በዚህ ምክንያት ነው። «ኢት ኢዝ ሬይኒንግ» መሆን ነበረበት። ይሄ «ኢት» ምንንም አያመለክትም፤ የባለቤቱ ወንበር ባዶ እንዳይቀር የተቀመጠ ነው። እናንተ ግን እንደ ባለቤት ክበቡት።

ባለቤቱ ሳይታይ የሚታለፈው ትእዛዝ ላይ ነው። «ኦፕን ዘ ዶር።» በሩን ክፈት። የተደበቀው «ዩ» ነው። ከግሱ ፊት በቅንፍ ጻፉትና አንድ ጥንድ ብላችሁ ቁጠሩት።

አሁን አብዛኛው ሰው የሚወድቅበት ቦታ ደረስን።

አምና አንዲት የአሥረኛ ክፍል ልጅ ደብተሯን ይዛ መጣች። እናቷ አሞራ ገደል ዓሣ ይሸጣሉ። ስለ እናቷ የጻፈችው እንዲህ ይላል፦ «ማይ መዘር ክሊንስ ፊሽ ኤንድ ሴልስ ኢት።» እናቴ ዓሣ ታጸዳለች፣ ትሸጣለች። ከጎኑ በትልቁ «ኮምፓውንድ» ብላለች።

«ለምን ኮምፓውንድ አልሽው?»

«ኤንድ አለዋ ቲቸር።»

«ሴልስ ያልሽውን ማን ብለሽ ጠይቂው። መልሱ ከኤንድ በኋላ ተጽፏል?»

ጣቷን «ኤንድ» ላይ አድርጋ ወደ ቀኝ ነዳችው። «ሴልስ» ላይ ስትደርስ ቆመች። ወደ ኋላ ተመለሰች። «የለም» አለች። «እናቴ አንዴ ብቻ ነው የተጻፈችው።»

በቃ፣ ነገሩ ይሄው ነው። አንዲት ባለቤት ሁለት ግስ ይዛለች፤ ጥንዱ አንድ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ ሲምፕል ነው። ቀጥሎ ወንድሟን እንድታስገባበት ነገርኳት። «ማይ መዘር ክሊንስ ፊሽ፣ ኤንድ ማይ ብራዘር ሴልስ ኢት።» አሁን «ሴልስ» የራሱን ባለቤት አገኘ። ሁለት ጥንድ፣ ኮምፓውንድ። ልጅቷ ሳቀች። «እሱ እንኳን ሊሸጥ የበላበትን አጥንት አያነሳም» አለች።

ተገላቢጦሹም አለ። «ማይ መዘር ኤንድ ማይ ብራዘር ሴል ፊሽ።» ሁለት ሰዎች አንድ ግስ ተጋርተዋል። አንድ ጥንድ ነው፤ ሲምፕል ነው።

ስለዚህ «ኤንድ»ን አትመኑት። ስታገኙት በስተቀኙ ባለቤትም ግስም መኖሩን እዩ። ሁለቱም ካሉ ሁለተኛ ጥንድ ነው። አንዱ ከጎደለ አይደለም።

ስትጽፉ ደግሞ ተቃራኒው ችግር ይመጣል። አማርኛ «ሄዳ፣ ዓሣ ገዝታ፣ ተመልሳ አበሰለች» ብሎ ይደረድራል። ልጆች ይህን ወደ እንግሊዝኛ ሲወስዱ በየግሱ ላይ «ኤንድ ሺ፣ ኤንድ ሺ» ይላሉ። ባለቤቷ አንድ ከሆነች አንዴ ጥሯትና ግሶቹን ደርድሩ፦ «ሺ ዌንት፣ ቦውት ፊሽ፣ ኬም ባክ ኤንድ ኩክድ።» አራት ግስ፣ አንድ ጥንድ፣ አሁንም ሲምፕል።

ደረጃ 3፦ አንድ ጥንድ ከሆነ እዚሁ አቁሙ

ስሙ ሲምፕል ነው። ርዝመቱ አያገባችሁም።

«አፍተር ላንች፣ ዘ ኦልድ ፊሸርማን ዊዝ ዘ ብሉ ሃት ስሌፕት አንደር ኤ ቢግ ትሪ ኒር ዘ ሌክ።» ከምሳ በኋላ ሰማያዊ ኮፍያ ያደረገው ሽማግሌ ዓሣ አስጋሪ ሐይቁ አጠገብ ትልቅ ዛፍ ሥር ተኛ። አሥራ ሰባት ቃል፣ አንድ ግስ፦ «ስሌፕት»። ሲምፕል።

«አይ ኖው ሂ ላይድ።» እንደዋሸ አውቃለሁ። አራት ቃል፣ ሁለት ጥንድ። ሲምፕል አይደለም። ምን እንደሆነ ትንሽ ቆይተን እናየዋለን።

ደረጃ 4፦ ሁለት ጥንድ ከሆነ ማያያዣውን ፈልጉ

ሁለቱን ጥንዶች ያገናኘውን ቃል በአራት ማዕዘን ክበቡ። ማያያዣው ሁለት ጎራ አለው።

ባለ 7ቱ ጎራ፦ ፎር፣ ኤንድ፣ ኖር፣ በት፣ ኦር፣ ዬት፣ ሶ። የእንግሊዝኛ የመጀመሪያ ፊደሎቻቸው ሲገጣጠሙ «ፋንቦይስ» ይላሉ፤ እንደዚያ ያዙት። እነዚህ ሁለት እኩዮችን ያገናኛሉ። ውጤቱ ኮምፓውንድ ነው። «ኢት ዋዝ ሌት፣ በት ዘ ማርኬት ዋዝ ኦፕን።» መሽቶ ነበር፣ ገበያው ግን ክፍት ነበር።

የቀሩት፦ ቢኮዝ፣ ዌን፣ ኢፍ፣ ኦልዞ፣ ዋይል፣ አንቲል፣ አንለስ፣ ሁ፣ ዊች፣ ዛት እና መሰሎቻቸው። እነዚህ አንዱን ጥንድ የሌላው ጥገኛ ያደርጉታል። ውጤቱ ኮምፕሌክስ ነው። «ዊ ስቴይድ ሆም ቢኮዝ ኢት ሬይንድ።» ስለዘነበ ቤት ቀረን።

ዝርዝሩ ከጠፋባችሁ የ«እና?» ፈተና አለላችሁ። ጎረቤታችሁ በር ላይ ቆማ «ስለዘነበ» ብላ ዝም ብትል ምን ትሏታላችሁ? «እና?» ትሏታላችሁ። «ቤት ቀረን» ብትል ግን ነገሩ ሙሉ ነው። እንግሊዝኛውንም ከማያያዣው ጋር ቆርጣችሁ ለብቻው አንብቡት። «ቢኮዝ ኢት ሬይንድ» — እና? ጥገኛ ነው። ጥገኛ ካለ ኮምፕሌክስ።

አማርኛ ራሱ የሚያግዝበት ቦታ ይሄ ነው። የእኛ ማያያዣ ግሱ ላይ ይለጠፋል፤ የእንግሊዝኛው ለብቻው ከፊት ይቆማል።

ስለዘነበ፦ «ቢኮዝ ኢት ሬይንድ»
ሲዘንብ፦ «ዌን ኢት ሬይንስ»
ከዘነበ፦ «ኢፍ ኢት ሬይንስ»
ቢዘንብም፦ «ኦልዞ ኢት ሬይንስ»
የሚነዳው፦ «ሁ ድራይቭስ»

ጥንዶቹን ከቆጠራችሁ በኋላ ማያያዣ ያለበትን ጥንድ ወደ አማርኛ መልሱ። ግሱ ላይ ስለ፣ ሲ፣ ከ፣ ቢ፣ እንደ ወይም የ ከተለጠፈበት ጥገኛ ነው። ከቆጠራችሁ በኋላ ያልኩትን አትርሱ። ከመቁጠራችሁ በፊት ከተረጎማችሁ የአባ ኮዳው ዓረፍተ ነገር ያሳስታችኋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ሁለት ማያያዣ አትደርቡ። ይህን ስህተት በየሳምንቱ አርማለሁ። በአማርኛ «ምንም እንኳን ቢደክመኝም ግን ሠራሁ» እያልን «ምንም እንኳን»ን ከ«ግን» ጋር ማጣመር ለምደናል። ያንኑ ይዘን «ኦልዞ አይ ዋዝ ታይርድ፣ በት አይ ወርክድ» እንላለን። እንግሊዝኛ ለሁለት ጥንድ አንድ ማያያዣ ይበቃዋል። ወይ «ኦልዞ አይ ዋዝ ታይርድ፣ አይ ወርክድ» በሉ፤ ኮምፕሌክስ ይሆናል። ወይ «አይ ዋዝ ታይርድ፣ በት አይ ወርክድ» በሉ፤ ኮምፓውንድ ይሆናል። «ቢኮዝ… ሶ…» የሚለውም እንደዚሁ ነው። አንዱን ሰርዙ።

መሀል የሚገባውን ጥገኛ አትለፉት። «ዘ ማን ሁ ድራይቭስ ዚስ ባጃጅ ኢዝ ማይ አንክል።» ይህን ባጃጅ የሚነዳው ሰውዬ አጎቴ ነው። ዋናው ጥንድ «ማን» እና «ኢዝ» ናቸው፤ ግን ተራርቀዋል። መሀላቸው «ሁ ድራይቭስ» ገብቷል፤ ባጃጅ ሦስት ሰው ከኋላ ጭኖ አራተኛውን ሹፌሩ ጎን እንደሚያስጠጋው። እንዲህ ሲሆን ከ«ሁ» እስከ «ባጃጅ» ያለውን በጣታችሁ ሸፍኑ። «ዘ ማን ኢዝ ማይ አንክል» ይቀራል። ሙሉ ነው። የሸፈናችሁት ጥገኛው ነበር። ኮምፕሌክስ።

ማያያዣ ከጠፋስ? ሁለት ጥንድ አለ፣ በመካከላቸው ምንም የለም። «አይ ኖው ሂ ላይድ» ላይ የሆነው ይሄ ነው። መሀሉ ላይ «ዛት» አስገቡ፦ «አይ ኖው ዛት ሂ ላይድ።» ትርጉሙ ሳይናጋ ከገባ ተደብቆ የነበረው እሱ ነው፤ ኮምፕሌክስ በሉት። ካልገባ ዓረፍተ ነገሩ ራሱ ሳይበላሽ አይቀርም። ደረጃ 5 ላይ ይጠገናል።

ደረጃ 5፦ ኮማውን አስተካክሉ

ሦስት ሕግ ይበቃችኋል።

1. ኮምፓውንድ ከሆነ ከፋንቦይስ በፊት ኮማ አድርጉ። «ማይ መዘር ክሊንስ ፊሽ፣ ኤንድ ማይ ብራዘር ሴልስ ኢት።»
2. ጥገኛው ከቀደመ ሲያልቅ ኮማ አድርጉ። «ቢኮዝ ኢት ሬይንድ፣ ዊ ስቴይድ ሆም።»
3. ዋናው ከቀደመና ጥገኛው በ«ቢኮዝ»፣ በ«ዌን»፣ በ«ኢፍ» ወይም በ«አንቲል» ከተከተለ አብዛኛውን ጊዜ ኮማ አያስፈልግም። «ዊ ስቴይድ ሆም ቢኮዝ ኢት ሬይንድ።»

አማርኛ ጥገኛውን ሁሌም ለማለት ይቻላል ያስቀድማል። ሦስተኛውን አቀማመጥ ጆሯችን ስለማያውቀው እየጻፍን እንሸሸዋለን። አትሽሹት። እንግሊዝኛ አንባቢ በሁለቱም አቀማመጥ አይደናገርም።

የሚበላሸው እንዲህ ነው፦ «ዘ ሬይን ስቶፕድ፣ ዊ ዌንት ሆም።» በአማርኛ «ዝናቡ ቆመ፣ ወደ ቤት ሄድን» ያስኬዳል። በእንግሊዝኛ ሁለት ሙሉ ጥንዶችን ኮማ ብቻውን አይሸከማቸውም። ካላችሁ አማራጭ አንዱን ምረጡ፦ ኮማውን ነጥብ አድርጉት፣ ወይም ከኮማው ቀጥሎ «ሶ» ጨምሩ፣ ወይም መጀመሪያው ላይ «ዌን» ጨምሩ። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገሩን ወደ ኮምፕሌክስ ይለውጠዋል። በኮማው ፈንታ ሴሚኮለንም ይሠራል፤ የእኛ ድርብ ሰረዝ እንደሚሠራው። ፈተና ላይ ግን እርግጠኛ ካልሆናችሁ ነጥቡ ይሻላችኋል።

ሌላው ብልሽት ግማሹን ጥሎ መሄድ ነው። «ለምን ቀረህ?» ሲባል «ስለታመምኩ» ብሎ መመለስ ለወሬ ደህና ነው። ወረቀት ላይ «ቢኮዝ አይ ዋዝ ሲክ።» ብላችሁ ነጥብ ካደረጋችሁ መምህሩ ቀይ እስክሪብቶውን ያነሳል። ከፊቱ ወይም ከኋላው ዋና ጥንድ ስጡት።

ደረጃ 6፦ ሦስትና ከዚያ በላይ ጥንድ

የተለየ ሥራ የለውም። ፋንቦይስ ያገናኛቸው ሁለት ሙሉ ጥንዶች አሉ? በተጨማሪ አንድ ጥገኛ አለ? ሁለቱም አዎ ከሆነ ኮምፓውንድ ኮምፕሌክስ ነው። «ዌን ዘ ሬይን ስቶፕድ፣ ዘ ፊሸርመን ኬም ባክ፣ ኤንድ ዊ ቦውት ፊሽ።» ጥገኛ ከሌለ፣ ሦስትም ይሁኑ አራት ኮምፓውንድ ነው። ሙሉው አንድ ብቻ ሆኖ ጥገኞቹ ቢበዙ ኮምፕሌክስ ነው።

ደረጃ 7፦ አሁን «ለምን ተነገረ?» ብላችሁ ጠይቁ

ምልክቱን አትዩ፤ የቃላቱን አሰላለፍ እዩ። ባለቤቱ ከግሱ ቀድሞ ነገሩን ከነገራችሁ ዴክላሬቲቭ ነው። በእሱ ብዙ አትቆዩ።

ኢንተሮጌቲቭ ላይ ረዳቱ ግስ ከባለቤቱ ይቀድማል። «ደዝ ሂ ሊቭ ሂር?» እዚህ ይኖራል? አማርኛ ድምፅ ከፍ በማድረግ ብቻ ስለሚጠይቅ ይህን መገልበጥ እንረሳዋለን። ሦስት ወጥመድ አለው።

አንደኛ፣ ጥያቄ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ መገልበጡ ይቀራል። «አይ ዶንት ኖው ዌር ሂ ሊቭስ።» የት እንደሚኖር አላውቅም። ይህ ጥያቄ አይደለም። ዴክላሬቲቭ ነው፤ በአሠራሩ ደግሞ ኮምፕሌክስ። «ዌር ደዝ ሂ ሊቭ» ብላችሁ ከገለበጣችሁት ስህተት ነው።

ሁለተኛ፣ የእኛ «አይደል?» ለሁሉም ይሆናል። «መጣ አይደል?»፣ «ይወዱታል አይደል?»። ልጆች ሁሉንም «ኢዝንት ኢት?» ያደርጉታል። እንግሊዝኛው ላይ ግን ጭራው የራሱን ግስና ባለቤት ይከተላል። «ሂ ኬም፣ ዲድንት ሂ?» ነው የሚባለው።

ሦስተኛ፣ በአሉታ የተጠየቀ ጥያቄ። «ዲድንት ዩ ጎ?» አልሄድክም? እኛ «አዎ፣ አልሄድኩም» እንላለን። እንግሊዝኛው «ኖ፣ አይ ዲድንት» ነው። «ዬስ» ካላችሁ ሄጃለሁ ማለታችሁ ነው። እኔ ራሴ በስልክ አንድ የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ «ዲድንት ዩ ሬሲቭ አወር ኢሜይል?» ተብዬ «ዬስ» አልኩ። አልደረሰኝም ማለቴ ነበር። ሰውዬው ደርሶታል ብሎ ወደ ቀጣዩ ጥያቄ አለፈ፤ እኔም ስለማላውቀው ኢሜይል ሩብ ሰዓት ስቀባጥር ቆየሁ።

ኢምፔራቲቭ ቀላል ነው። አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ እናንተ የሚል ልዩነት የለውም፤ «ከም» ለሁሉም ነው። አክብሮቱን «ፕሊዝ» ይሸከመዋል። «ኩድ ዩ ኦፕን ዘ ዊንዶው?» ልመና ቢሆንም አሠላለፉ የጥያቄ ነውና ኢንተሮጌቲቭ በሉት።

ኤክስክላማቶሪ ላይ ቃለ አጋኖው ያታልላል። «ስቶፕ!» ቢጮህም ትእዛዝ ነው። እውነተኛው ኤክስክላማቶሪ በ«ዋት» ወይም በ«ሀው» ይጀምርና ባለቤቱ ከግሱ ይቀድማል። አማርኛ ላይ «እንዴት ይሮጣል!» እና «እንዴት ይሮጣል?» ቃላቸው አንድ ነው፤ የሚለያቸው ድምፃችን ነው። እንግሊዝኛ በአሰላለፍ ይለያቸዋል። «ሀው ፋስት ሂ ራንስ!» አድናቆት ነው። «ሀው ፋስት ደዝ ሂ ራን?» ጥያቄ ነው። «ደዝ» ባለቤቱን ከቀደመ ጥያቄ ነው፤ ሌላ አትፈልጉ።

አሁንም ካልወጣላችሁ

«አፍተር»፣ «ቢፎር»፣ «ሲንስ»፣ «አንቲል» ሁለት ፊት አላቸው። ከኋላቸው ስም ብቻ ከመጣ ማያያዣ አይደሉም፦ «አፍተር ላንች»። ጥንድ ከመጣ ናቸው፦ «አፍተር ሂ ሌፍት»።

«ሶ» ሲያሻማችሁ ወደ አማርኛ መልሱት። «ስለዚህ» ከሆነ ፋንቦይስ ነው፣ ኮምፓውንድ። ግሱ ላይ «እንዲ» ከመጣ «ሶ ዛት» ነው፣ ኮምፕሌክስ።

«ሀውኤቨር» ማያያዣ አይደለም። «ይሁን እንጂ» ማለት ስለሆነ እንደ «በት» የሚያደርጉት ብዙ ናቸው። ከፊቱ ነጥብ ወይም ሴሚኮለን አድርጉ፣ ከኋላው ኮማ።

የጥንድ ቁጥሩ በየጊዜው የሚለዋወጥባችሁ ከሆነ ደረጃ 4 ላይ አትልፉ። ተመልሳችሁ ግስ ብቻ እያሰመራችሁ አንድ ሙሉ ገጽ ጨርሱ።

ራሳችሁን ፈትኑ

መልሱን ሳታዩ ሥሩ። አሠራሩንም ዓላማውንም ጻፉ።

1. «ዘ ቦይስ ኤንድ ዘ ገርልስ ፕሌይድ ኤንድ ሳንግ።»
2. «ዊ ዌይትድ አንቲል ዘ ባስ ኬም።»
3. «ቢፎር ሰንሴት፣ ዘ ፊሸርመን ሌፍት።»
4. «ኢፍ ኢት ሬይንስ፣ ስቴይ ኢንሳይድ።»
5. «ዱ ዩ ኖው ዌር ዘ ባስ ስቴሽን ኢዝ?»
6. «ዘ ገርል ሁ ሴልስ ኮፊ ስማይልድ፣ በት ሺ ሴድ ናሲንግ ቢኮዝ ሺ ዋዝ ታይርድ።»

መልስ። 1 ሲምፕል፣ ዴክላሬቲቭ፤ ሁለት ባለቤትና ሁለት ግስ ተጋርተው አንድ ጥንድ ሆነዋል። 2 ኮምፕሌክስ፣ ዴክላሬቲቭ። 3 ሲምፕል፣ ዴክላሬቲቭ፤ ከ«ቢፎር» በኋላ ስም ብቻ ነው ያለው። 4 ኮምፕሌክስ፣ ኢምፔራቲቭ፤ «ዩ» ተደብቋል። 5 ኮምፕሌክስ፣ ኢንተሮጌቲቭ፤ «ኢዝ» መጨረሻ ላይ የቀረው ጥያቄው ውስጥ የገባ ጥያቄ ስለሆነ ነው።

6 ላይ ሦስት ጥንድ ብላችሁ ከጻፋችሁ «ሁ ሴልስ» አምልጧችኋል። «ገርል» ከ«ስማይልድ»፣ «ሁ» ከ«ሴልስ»፣ «ሺ» ከ«ሴድ»፣ «ሺ» ከ«ዋዝ»፤ አራት ናቸው። ሁለቱ ሙሉ በ«በት» ተያይዘዋል፣ ሁለቱ ጥገኛ ናቸው። ኮምፓውንድ ኮምፕሌክስ፣ ዴክላሬቲቭ።